ወለተ ጴጥሮስና የዕለት ሥራ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሰው ሕይወቱ በከንቱ እንዳያልፍበት ሲያስብ፣ ልቡን የሚያነሣሣ ነገር ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ዓይኑን አሻግሮ ይመለከታል። የሩቅ አገር ጀግና፣ የታላቅ ጦርነት ድል አድራጊ፣ የአዲስ ነገር ፈልሳፊ ታሪክ ያነባል። አንብቦ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ ግን የገዛ ቤቱ፣ የገዛ ሰፈሩና የገዛ ሥራው ሁሉ ያንስበታል። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ እዚሁ በጣና ሐይቅ ዳር ስለ ኖረች አንዲት ሴትና ስለ እርሷ ስለ ተጻፈው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ይባላል፤ የተጻፈው በግእዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

«ገድል» ሲባል ከተአምር በቀር ሌላ የሌለበት የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። ተአምር በዚህም መጽሐፍ አለ። ነገር ግን ስለ እህል መፍጨት፣ ስለ ውኃ መቅዳት፣ ስለ ሕመምተኛ፣ ስለ መንገድ ድካም፣ ሰዎች አብረው ሲኖሩ ስለሚነሣው ጠብና ዕርቅ የሚናገረውም ጥቂት አይደለም። ታሪክ የሚወድ ሰው ይህን ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ዜና መዋዕል ንጉሡ የዘመተበትን አገር እንጂ የወታደሩን ስንቅ ማን እንደ ፈጨው አይነግረንምና።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1592 ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር፤ ቤተ ሰቡም ከመኳንንት ወገን ነበረ። ገና በልጅነቷ ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ እርሱም ከአፄ ሱስንዮስ ታላላቅ የጦር አለቆች አንዱ ነበረ። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በዚያ ዘመን የሕፃን ሞት የተለመደ ነበር ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ የተለመደ ኀዘን ግን ለሚያዝንበት ሰው ከሌላው ኀዘን አያንስም። ጎተራው ሙሉ ነው፤ አገልጋዩ ብዙ ነው፤ ባሏ ባለ ማዕረግ ነው። በዚያ ሁሉ መካከል ግን እርሷ በገዛ እጇ የምትሠራው አንድም ነገር አልነበረም። የምትበላውን ሌላዋ ትፈጫለች፤ የምትታጠብበትን ሌላዋ ትቀዳለች። ኀዘን የደረሰበት ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ሥራ ካጣ ኀዘኑ ይብስበታል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው እንጂ ገድሉ በዚህ አነጋገር አልጻፈውም።

ዘመኑ የሃይማኖት ክርክር የበረታበት ነበር። ከአውሮፓ የመጡት ኢየሱሳውያን ካህናት በቤተ መንግሥቱ ተሰሚነት አግኝተው፣ አፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት አዘንብለው ነበር። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ላይ ከተነሡት ጋር ሆነው በጦር ሜዳ ተገደሉ። ገድሉ እንደሚተርከው የተገደሉት ጳጳስ ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን ወለተ ጴጥሮስ ባወቀች ጊዜ፣ ከዚህ ሰው ጋር ከእንግዲህ በአንድ ቤት አልኖርም ብላ ጨክና ወጣች፤ መነኰሰችም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን አንባቢ እየዘለለው ያልፋል፤ እኔ ደግሞ የምወደው እርሱን ነው። ከመነኰሰች በኋላ ይህች የመኳንንት ልጅ ከገረዶች ጋር ተሰልፋ እህል መፍጨት፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም ጀመረች።

ዛሬ በየሰፈሩ በሞተር የሚሠራ ወፍጮ ቤት ስላለ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ላይገባችሁ ይችላል። እኔ አያቴ በእጅ ወፍጮ ስትፈጭ አይቻለሁ። ወፍጮው ዘቅዘቅ ብሎ ይተከላል፤ ፈጪዋ ከበላዩ ተንበርክካ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ትገፋለች፣ ወደ ላይ ትመልሳለች። አንዴ ሸርክታ ብቻ አትተወውም፤ ዱቄቱ እንዲልም ደግማ ትሰልቀዋለች። ወገብ ይቆረጣል፤ መዳፍ ይላጣል። ይህ ሁሉ ከንጋት በፊት የሚሠራ ሥራ ነበረ። የተፈጨውም በማግሥቱ ተበልቶ ያልቅና ሥራው እንደ ገና ይጀመራል። ለዚህም ነው ታላላቅ ሴቶች ወፍጮ የማይነኩት፤ መፍጨት የገረድ ሥራ፣ የባሪያ ሥራ ይባል ነበርና።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወለተ ጴጥሮስ ከባሏ ቤት ስትወጣ የተወችው ወርቅና ሐር ብቻ አይደለም። «ይህ ሥራ ለእኔ አይገባም» የሚለውንም ሐሳብ ጥላው ወጣች። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከወርቁ ይልቅ ይህን መጣል ይከብዳል። ወርቁን ትቶ ኩራቱን ይዞ ገዳም የገባ ሰው ስንት አለ!

በአገራችን የእጅን ሥራ መናቅ ሥር የሰደደ በሽታ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ሁሉም የሚያስፈልጉ ሆነው ሳሉ ስማቸው መሰደቢያ ሆኖ ኖረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እዚሁ በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች የዚህን ንቀት መራራነት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ሆኖም በሐይቁ ላይ ያለ እነርሱ ሥራ መጓዝ አይቻልም ነበር፤ የደንገል ታንኳን አሠራር ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ያቆዩ እነርሱ ናቸውና።

ታንኳ ሲሠራ ያላየ ሰው ቢኖር በአጭሩ ልንገረው። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ሆኖ በገመድ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። ሚስማር የለበትም። በዚህች ታንኳ ላይ የዘጌ ሰው እንጨቱን፣ ቡናውን፣ ጌሾውን ጭኖ እየቀዘፈ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመጣ ነበር። ከጉዞ በኋላ ከውኃው ወጥታ እንድትደርቅ ትቆማለች። ይህም ሆኖ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ታረጃለችና ሌላ ትሠራለች። ጣና ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ማዕበሉም ቀላል አይደለም። በደሴቶቹ ላይ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ በውስጣቸው ያሉት የብራና መጻሕፍትና ሥዕሎች ለመቶዎች ዓመታት ሲጠበቁ፣ ወደ እነርሱ እህሉንና ሰውን ያመላለሰችው ይህች ዓመት እንኳ የማትቆይ የሣር ታንኳ ናት። ታሪክ ጸሐፊው መጽሐፉን ያመሰግናል፤ ሥዕሉን ያደንቃል፤ ታንኳውን ግን ረስቶት ያልፋል።

ወደ ታሪካችን ልመለስ። ወለተ ጴጥሮስ በዚህ የምንኵስና ኑሮ ብቻዋን አልነበረችም። እኅተ ክርስቶስ የምትባል፣ እንደ እርሷ ቤቷን ትታ የወጣች መነኵሲት ነበረች። ገድሉ ሁለቱ ገና ከሩቅ ሲተያዩ በልባቸው ፍቅር እንደ ገባ፣ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስከ ሞት እንዳልተለያዩ ይናገራል። አንድ ሰው ለብቻው የሚፈጨው እህልና ሁለት ወዳጆች ፊት ለፊት ሆነው የሚፈጩት እህል ሚዛኑ አንድ ቢሆንም ድካሙ አንድ አይደለም።

ከዚያም የታወቀው ቀን መጣ። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክ እምነታቸውን በይፋ አሳወቁ። ወለተ ጴጥሮስ ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይተው ታስተምር ስለ ነበር ተይዛ በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት ቆመች። ዘመዶቿ ኀያላን ስለ ነበሩ ሞት ቀረላት። ሁለተኛ ጊዜም ተይዛ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ እንዲያሳምኗት ተደረገ፤ እርሷ ግን አልተመለሰችም። በዚህ ምክንያት ዠበይ ወደሚባል ወደ ሱዳን ጠረፍ ወዳለ በረሃ ተጋዘች፤ ሦስት ዓመትም ቆየች።

ስለዚህ ቀን ብዙ ሊጻፍ ይቻላል፤ እኔ ግን አላረዝመውም። የሚያስደንቀኝ በዠበይ የሆነው ነው። በረሃው ትኵሳት የበዛበት፣ ዘመድ የማይገኝበት አገር ነው። የግዞት ሰው ዐይኑን ወደ መንገድ እየተከለ ምሕረት የሚመጣበትን ቀን ሲቈጥር ሕይወቱን ይጨርሳል። ወለተ ጴጥሮስ ግን እዚያው በግዞት ቦታዋ የሚከተሏት ሰዎች ተሰበሰቡላትና የመጀመሪያው ማኅበሯ ተመሠረተ። ከዚያ በፊት በገዛ እጇ መሥራትን ባትለምድ ኖሮ በዚያ በረሃ ምን ይውጣት ነበር? በንጉሥ ፊት ለአንድ ቀን መጽናት አንድ ነገር ነው፤ ማንም በማያይበት በረሃ ሦስት ዓመት በየቀኑ መነሣት ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ባይኖር የመጀመሪያውን እናስታውሰው እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

ከግዞት ከተመለሰች በኋላ በዘመኗ የተመሠረቱት ማኅበራት ሰባት ደረሱ፤ አብዛኞቹም በጣና ዙሪያ ነበሩ፤ ዘጌና አፈር ፈረስ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በማኅበራቱ ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ፤ የምትመራቸውም ሴት ነበረች። ይህን ያህል ሰው ማብላት ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ ድግስ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። ለዘጌ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በዘጌ አፈ ታሪክ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ቈርጠው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል፤ የባሕረ ገብ መሬቱም ሰው በበሬ ሳያርስ በእነዚህ ተክሎች ሲተዳደር ኖሯል። አፈ ታሪኩ እንዴት ያለ ነው! ቅዱሱ ለሕዝቡ የተዉለት ወርቅ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚለቀም፣ በየጊዜው የሚኰተኰት ሥራ ነው እንጂ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል የሌላውንም ወገን ሰው ላንሣ። ከሐይቁ ሰሜን በጎርጎራ በኩል ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ተወላጅ ኢየሱሳዊ ካህን ይኖር ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት በተነሣ ጊዜ በመንገድ ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ታስሮ ቆየ፤ ከተፈታም በኋላ ተስፋ ሳይቈርጥ በ1603 ገባ። አማርኛና ግእዝ ተማረ። ለአፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት ሲሠራ ድንጋይ ጠራቢዎችንና አናጢዎችን ራሱ መሣሪያ እያሠራ፣ እያሳየ አስተማራቸው። በ1622 እስኪሞት ድረስም ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ወለተ ጴጥሮስ የእርሱን እምነት ተቃውማ ተሰደደች፤ እርሱም የእርሷን እምነት ስሕተት ነው ይል ነበር። የሃይማኖቱ ክርክር ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ፣ በ1632 አፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እኔ ግን ሁለቱን ሳስባቸው፣ አንደኛዋ በሐይቁ በዚህ ወገን ወፍጮ ላይ ተንበርክካ፣ ሁለተኛው በወዲያኛው ወገን መዶሻ ይዞ ይታዩኛል። እጃቸው ቢተያይ ኖሮ ሳይተዋወቁ አይቀሩም ነበር።

በባሕር ዳር አንድ ተማሪ ይህን ታሪክ ስነግረው ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህ ለቅዱሳን ነው። እኔ ፈተናዬን አልፌ ሥራ ማግኘት ነው የምፈልገው። ከዚያ በኋላ ነው ኑሮዬ የሚጀምረው» አለኝ። ነገሩ እውነት አለበት፤ የተራበን ሰው ስለ ሕይወት ትርጉም መስበክ አያምርም። ነገር ግን «ከዚያ በኋላ» የሚለው ቃል አስፈራኝ። ፈተናው ሲያልፍ ሥራው ይመጣል፤ ሥራው ሲመጣ ዕድገቱ፣ ዕድገቱ ሲመጣ ቤቱ ይመጣል፤ ኑሮውም ሁልጊዜ አንድ ደጅ ወደ ፊት ተሻግሮ ይጠብቀዋል። እኔም «በምትኖርበት ግቢ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እኅቴ ናት» አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጨመርኩም፤ እርሱም ዝም አለ።

ደግሞ የዛሬ ወጣት ሁሉ እንዲህ ያስባል ማለቴ አይደለም። በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን እያለበሰ ሲመጣ፣ በ2017 እና ከዚያ በኋላ ብዙ ወጣቶች ከባሕር ዳርም ከሌላም አገር እየመጡ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ታይተዋል። እምቦጭ ዛሬ ቢነቀል ነገ ይበቅላል። ማሽን ያስፈልገዋል፣ ጥናት ያስፈልገዋል የሚሉት ሰዎች ልክ ናቸው። ሆኖም ጭቃው እስከ ጕልበታቸው ደርሶ ሳለ እየዘፈኑ የሚነቅሉት ልጆች፣ በዚያ ቀን ሕይወታቸው ትርጉም እንዳላት ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

ወለተ ጴጥሮስ በኅዳር ወር 1642 በ50 ዓመቷ ዐረፈች፤ በጣና ላይ በምትገኘው በሬማ ደሴት ተቀበረች። ከእርሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው ያች የወፍጮ ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ናት፤ እርሷም በ1649 ዐረፈች። ማኅበሩም በሐይቁ ምሥራቅ ዳር በቈራጣ ተተክሎ ስሟ በዚያ ሲታሰብ ኖረ።

ከዚህ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ፤ ስለ እርሷም የተጻፈ አልነበረም። ያዩዋት ሰዎች እያረጁ፣ እየሞቱ ሄዱ። በዚህ ጊዜ መዝገበ ሃይማኖት የሚባል መነኵሴ ነገሩ እንዳይጠፋ ተጨንቆ፣ ገላውዴዎስ የሚባለውን መነኵሴ ጻፍ እያለ ወተወተው። ገላውዴዎስም እኔ ለዚህ አልበቃም እያለ በ1672 ጻፈው። ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ቀርቦ ሲሰማ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያልረሱት በንጉሥ ፊት መቆሟን ብቻ አልነበረም። ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትሸከም፣ የታመመ ስትጠይቅ አይተዋት ነበርና ያንንም ነገሩት። እርሱም ይህ ለመጽሐፍ አይሆንም ሳይል ሁሉንም አስገባው። ስለዚህ ገላውዴዎስን አመሰግነዋለሁ። ከእርሱ የሚበልጥ ሊቅ ቢጽፈው ኖሮ ወፍጮውን አውጥቶ የተከበረ ነገር ብቻ ያስቀርልን ነበር ብዬ እሠጋለሁ።

ይህ መጽሐፍ በግእዝ የታተመው ኮንቲ ሮሲኒ በሚባል ኢጣልያዊ ሊቅ እጅ በ1912 ነው፤ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ የወጣው ደግሞ በ2015 ነው። እስከዚያ ድረስ ያቆየው ብራናው ነው። ብራና የሚሆነው የፍየል ቆዳ ተነክሮ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ጠጕሩና ሥጋው ተፍቆ፣ ደርቆ፣ ለስልሶ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ የቅዱሳኑ ስም የሚጻፍበት ቀይ ቀለም ለብቻው ይዘጋጃል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ከዚያም ቅጠሉ በቅጠሉ ላይ ይጠረዛል፤ ማኅደርም ይሰፋለታል። ወለተ ጴጥሮስ እህል ፈጨች የሚለውን ቃል ዛሬ እንድናነበው፣ ከብዙ ዘመን በፊት በጣና ዳር አንድ ቆዳ ፋቂ፣ ስሙ ያልተጻፈ፣ ጠዋት ተነሥቶ ቆዳውን ወጥሮ መፋቅ ነበረበት።